የዳባት መዝገብና የሚያረጁ ኮምፒውተሮች

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ 75 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ዳባትን ያገኛል። አብዛኛው ቱሪስት ልቡ ስሜን ተራሮች ላይ ስለሆነ ከመኪናው ሳይወርድ ያልፋታል። በኢትዮጵያ የጤና ጥናት ውስጥ ግን ዳባት እንዲህ በዋዛ የምትታለፍ አይደለችም። ያኔ የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ይባል የነበረው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1996) በወረዳው የተመረጡ ቀበሌዎችን ነዋሪ ቤት ለቤት መመዝገብ ጀመረ። ማን ተወለደ? ማን ሞተ? ማን አገባ፣ ማን ፈታ? ማን ለቆ ሄደ፣ ማንስ መጣ? ከዚያ ወዲህ የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ በምዝገባው የታቀፉት ቀበሌዎችም በጊዜ ብዛት 13 ደርሰዋል፤ 9 የገጠር፣ 4 የከተማ። መዝገቡ በወረቀት ተጀምሮ ወደ ኮምፒውተር ገባ፣ ከዚያም ታብሌት መጣ። አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማስጫን ይጠቅማል ወይስ አሮጌው ይበቃል የሚለውን የዘመናችንን ክርክር ለመመርመር ይህ ታሪክ ጥሩ መነሻ ነው። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በአዲሱ ዕቃ ዙሪያ ይሽከረከራል፦ ይፈጥናል፣ ያምራል፣ ማሽኑን ያከብዳል፣ ዋጋው አይቀመስም። ዳባት ላይ የሆነው ግን ሚዛኑ ሌላ መሆን እንዳለበት ያሳያል። ትልቁ ንብረት መዝገቡ ነው። መዝገቡ ከማሽኑ የበለጠ ዕድሜ እንዲኖረው ከተፈለገ ማሽኑም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም አንድ ቀን መለወጣቸው አይቀርም። ስለዚህ ለውጡ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚወሰነው መዝገቡ ሳይጎድል መሻገር በመቻሉና አሮጌው ማሽን ገና እየሠራ ሳለ በመሻገሩ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት ሥራውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በምዝገባው ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቤት መለያ ቁጥር አለው፤ በቤቱ የሚኖር እያንዳንዱ ሰውም እንዲሁ። መረጃ ሰብሳቢው በዙሩ ሲመለስ ቀድሞ የተመዘገቡትን ሰዎች አንድ በአንድ እየጠራ ያሉበትን ሁኔታ ይጠይቃል። ሞት ካለ ሌላ መጠይቅ ይከተላል። በገጠር አብዛኛው ሰው የሚሞተው ቤቱ ነው፤ የአስክሬን ምርመራም የለም። በመሆኑም የሟቹ ቤተሰብ ስለ ሕመሙ ምልክት፣ ስለቆየበት ጊዜ፣ ስላገኘው ሕክምና እየተጠየቀ የሞቱ ምክንያት ከመልሱ ይገመታል። እዚህ ላይ ነው የቁጥሩ ዋጋ የሚታየው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሕፃን ሆና የተመዘገበች ልጅ ዛሬ እናት ልትሆን ትችላለች፤ የልጇ ልደት ከእሷ ቁጥር ጋር፣ የእሷም ከእናቷ ጋር ካልተያያዘ የትውልድ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። የአንድ ዓመት ቆጠራ ቢበላሽ በሚቀጥለው ዓመት ሊደገም ይችላል። የሠላሳ ዓመት ተከታታይ መዝገብ ግን መካከሉ ላይ ከተበጠሰ በምንም ገንዘብ አይቀጠልም። ኮምፒውተር ሻጭ ስለ ፍጥነት ሲያወራ ይህን አይነግረንም፤ የእሱ ጉዳይም አይደለም።

በወረቀቱ ዘመን ቅጹ ከመንደር ወደ ማዕከሉ ይመጣል፣ ተቆጣጣሪ ያየዋል፣ ጸሐፊ ኮምፒውተር ላይ ያስገባዋል። መረጃው የሚገባበት ፕሮግራም ኤችአርኤስ ይባላል፤ የቤተሰብ ምዝገባ ሥርዓት ማለት ነው። የተወለደው በሰሜን ጋና ናቭሮንጎ በሚባል የጥናት ጣቢያ ሲሆን ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው ድርጅት አግዞት የእኛንም አገር ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ የምዝገባ ጣቢያዎች ተሠራጭቷል። የፕሮግራሙ ብርታት ሎጂኩ ላይ ነበር። ሞቷል ተብሎ የተመዘገበ ሰው በሚቀጥለው ዙር ቀበሌ ለቆ ሊሄድ አይችልም፤ አንዲት ሴት በሦስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ልትወልድ አትችልም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲገባ ፕሮግራሙ አልቀበልም ይላል፣ ቅጹም ለማጣራት ወደ መስክ ይመለሳል። ነገር ግን ኤችአርኤስ የታነፀው ፎክስፕሮ በተባለ የመረጃ ቋት ቋንቋ ላይ ነበር፤ የፎክስፕሮ ባለቤት ደግሞ ማይክሮሶፍት ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2004 ዘጠነኛውን ቪዥዋል ፎክስፕሮ አወጣ፤ በ2007 ከዚህ በኋላ ሌላ አይኖርም ብሎ አስታወቀ፤ በጥር 2015 ድጋፉን ጨርሶ አቆመ። ዳባት ላይ የሚቀመጠው መዝገብ ምንም ሳይጎድልበት የቆመበት መሠረት ከሩቅ አገር በተላለፈ የንግድ ውሳኔ ወላጅ አልባ ሆነ።

እንግዲህ «አሮጌው ይበቃል» የሚለው ሐሳብ የመጀመሪያ ፈተናው ይህ ነው። ይበቃል፤ ግን እስከ መቼ? ለዶስ የተጻፈ የጥንት ፎክስፕሮ ፕሮግራም በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ጭራሽ አይነሣም። በኋላ የመጣው ቪዥዋል ፎክስፕሮ ይነሣል፤ ሆኖም ፕሮግራሙ ሲበላሽ የሚጠግን፣ አዲስ ጥያቄ ሲጨመር የሚያስተካክል ባለሙያ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ይሄዳል፤ ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቅ ወጣት ፎክስፕሮ አይማርም። እዚህ ላይ አንድ ዕድል አለ፤ ይህን ዕድል ማስተዋል ከሁሉም ይበልጣል። ፎክስፕሮ መረጃውን የሚያስቀምጥበት ዲቢኤፍ የተባለው የፋይል ዓይነት አሠራሩ ግልጽ ነው። ኤክሴል ይከፍተዋል፣ ስታታ ያነበዋል፣ ነፃዎቹ የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞችም ያነቡታል። ፕሮግራሙ ቢሞትም ሰንጠረዡ አይሞትም። ስለዚህ ኤችአርኤስን የተጠቀሙ ጣቢያዎች ወደ ሌላ ሥርዓት ለመሻገር በሩ አልተዘጋባቸውም። የመሻገሩ ሥራ ከባድ ነው፣ ቁጥር ከቁጥር ማገናኘት ዓይን ያፈሳል፤ ቢሆንም የሚቻል ነው። መረጃው ሌላ ማንም በማያነበው ምስጢራዊ የፋይል ዓይነት ታሽጎ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

ሌላ የሆነበትን ታሪክ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የየወረዳው ጽሕፈት ቤት ይበቃል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት የመገናኛ መረብ ሲዘረጋ ኮምፒውተርና የሳተላይት መስመር ወደ ወረዳ አስተዳደሮች መግባት ጀመረ። ያ ዘመን የዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ነበር፤ ኤክስፒ ደግሞ ሲገዛ ከግዕዝ ፊደል ጋር አይመጣም። ጸሐፊዎቻችን አማርኛ የሚጽፉት በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝ፣ በዋሸራ ወይም በሌላ የአገር ልጅ በሠራው ሶፍትዌር ነበር። እነዚህ ሶፍትዌሮች ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ የመንግሥት ደብዳቤ እስከዚያ ዘመን ድረስ በታይፕራይተር ይመታ ነበር። ችግሩ የመሠረቱ ነው። የድሮው የፎንት አሠራር የሚፈቅደው 256 ቦታ ብቻ ሲሆን ፊደላችን ከነዲቃላዎቹ፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከዚያ ይበልጣል። እያንዳንዱ ሠሪ ችግሩን በራሱ ብልሃት ፈታ፦ አንዱ ፊደሉን በሁለት ሦስት ፎንት አካፈለ፣ ሌላው ከቁርጥራጭ ቅርጾች ገጣጠመው። የአንዱ «ሰ» በሌላው ኮምፒውተር የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ደብዳቤው በፍላሽ ከዳባት ደባርቅ ሲሄድ ፎንቱ አብሮት ካልተጫነ ተቀባዩ የሚያየው ያንኑ ዝብርቅርቅ ነው።

መድኃኒቱ የመጣው በሁለት እርምጃ ነው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ሦስተኛ እትሙ ለግዕዝ ፊደል በዓለም ሁሉ አንድ የሆነ ቦታ ሰጠ። ይህ በወረቀት የተጻፈ ስምምነት ነበር፤ ሥራ ላይ እንዲውል ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ማወቅ ነበረበት። ዊንዶውስ ቪስታ በጥር 1999 ዓ.ም. ለገበያ ሲቀርብ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ፤ አገሪቱ ሁለት ሺህን ለመቀበል ሽር ጉድ በምትልበት ዓመት መሆኑ ነው። ቪስታ በሌላ በሌላው የተወደሰ ሲስተም አይደለም፣ ከባድ ነው ተብሎ ብዙ ተወቅሷል። ለአማርኛ ጸሐፊ ግን ከዚያ በፊትም በኋላም የዚያን ያህል የሚጠቅም ለውጥ ከማይክሮሶፍት አልመጣም። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ይፈለጋል፣ በፊደል ተራ ይደረደራል፣ በኢሜይል ይላካል፣ ስልክ ላይ ይነበባል። በአሮጌው ፎንት የተጻፈው ይታተማል እንጂ ሌላው ሁሉ አይሆንለትም። ነገር ግን አዲሱን ዊንዶውስ መጫኑ ብቻውን የድሮውን ሰነድ አላዳነም። የቆየው ደብዳቤ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ካልተቀየረ፣ አሮጌው ፎንት ያለበት የመጨረሻው ኮምፒውተር ሲቃጠል በእጅ የቀረው የታተመው ወረቀት ብቻ ይሆናል። በዚህ በኩል የዳባት የምዝገባ መረጃ ከየቢሮው ደብዳቤ የተሻለ ዕድል ነበረው፤ ቁጥር ስለሆነና ክፍት በሆነ የፋይል ዓይነት ስለተቀመጠ።

ታብሌቱ ሲመጣ ነገሩ በግምት አልቀረም፤ ዳባት ላይ ተለክቷል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በምዝገባ ጣቢያው አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት 12 መረጃ ሰብሳቢዎች ወረቀትንና ታብሌትን በዕጣ በወጣላቸው ቅደም ተከተል እየተቀያየሩ እንዲጠቀሙ ተደረገ። በእያንዳንዱ መንገድ 1246 የተሟላ መጠይቅ ተሰበሰበ። ከወረቀቶቹ 522ቱ፣ ማለትም 41.89 በመቶው፣ ቢያንስ አንድ ስህተት ተገኘባቸው፤ ከታብሌቶቹ 385ቱ፣ 31 በመቶ ገደማ። መጠይቁ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ወረቀቱ ላይ ስህተት የመብዛቱ ዕድል ከታብሌቱ እየበለጠ ይሄዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ወረቀት ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ታብሌቱ ያልተሞላ ቦታ ሲታለፍ ያስቆማል፣ ወንድ ተብሎ ለተመዘገበ ሰው የእርግዝና ጥያቄ አያቀርብም። ለእኔ ይበልጥ የሚናገሩት ግን ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ታብሌት ተይዞም ከአሥር መጠይቅ ሦስቱ ስህተት አለባቸው፤ አዲስ ዕቃ ተአምር አይሠራም። ሁለተኛ፣ መሣሪያውን ለአጠቃቀም ቀላል ነው ብለው ከፍ ያለ ነጥብ የሰጡት ሰብሳቢዎች የሠሩት ስህተት አነስተኛ ነበር። እንግዲህ የአዲሱ ሥርዓት ጥቅም የሚገኘው ከሰውየውና ከመሣሪያው መግባባት ነው፤ ሥልጠናው ከዕቃው እኩል በጀት ይገባዋል።

በታብሌት መረጃ ለመሰብሰብ የሚውለው ኦዲኬ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሌላም የሚያስመሰግነው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሲሆን ሲሠራ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ መረጃው ታብሌቱ ላይ ይቆይና መስመር ሲገኝ ይላካል። የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠርም በአማራጭነት አካትቷል። የአገራችን እናት የልጇን ልደት የምትናገረው በጥቅምት በሚካኤል ወይም በነሐሴ በኪዳነ ምሕረት ብላ ነው። ያንን ወደ ፈረንጅ ቀን እየመለሰ የሚጽፍ ሰብሳቢ፣ በተለይ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት፣ በቀላሉ በአንድ ቀን ይሳሳታል፤ በሕይወት አንድ ሳምንት ብቻ ለቆየ ሕፃን ደግሞ አንድ ቀን ትንሽ አይደለም። አዲሱን መመዘን ካለብን የሚገባው መመዘኛ እንዲህ ያለው ነው፦ የእኛን ሰው ቀን ያውቃል ወይ? መስመር ሲጠፋ ይሠራል ወይ? መረጃውን ሌላ ፕሮግራም በሚያነበው መልክ ያወጣል ወይ?

የሚሰነዘሩት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው፣ ኢንተርኔት የማይነካው ኮምፒውተር ምን ይሆናል፣ አሮጌው ዊንዶውስ አያሰጋም የሚለው ነው። ይህ በፍላሽ ለሚኖር አገር አይሠራም። ቫይረስ ወደ ወረዳ ቢሮ የገባው በአብዛኛው በኢንተርኔት አልነበረም፤ ከኮምፒውተር ቤት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከስብሰባ በተመለሰ ፍላሽ ነው። ፎልደሩ በድንገት ሾርትከት ሆኖ ያላየ የቢሮ ሠራተኛ አለ ለማለት ይከብዳል። የድሮው ኤክስፒ ፍላሽ ሲሰካበት በውስጡ ያለውን ፕሮግራም ራሱ ያስነሣ ነበር፤ ቫይረሶቹም ይህንኑ በር ተጠቀሙ። ዊንዶውስ 7 በሩን ዘጋው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ማስተካከያ ለኤክስፒም ዘጋ፤ ማስተካከያውን ያገኘው ግን ኮምፒውተሩን አፕዴት የሚያደርግ ሰው ብቻ ነው። ፈቃድ ሳይከፈልበት ተጭኖ አፕዴቱ የተቆለፈበት ኮምፒውተር እንደተከፈተ ቀረ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ይህኛው ላይ ተቃዋሚዎቹ ግማሽ እውነት አላቸው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና ከኢንቴል ስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 በፊት የተሠራ ኮምፒውተር በማይክሮሶፍት ሕግ ከደጅ ይመለሳል። በእርዳታ የመጣና ከውጭ ያገለገለ ኮምፒውተር በሚበዛበት አገር ይህ ከባድ ቅጣት ነው። ለቤት የሚሸጠው ዊንዶውስ 11 ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይፈልጋል፤ በአማራ ክልል ግን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የምናውቀው ነው። ደህና የሚሠራ ማሽን ሎጎው ስለተቀየረ ብቻ ይጣል የሚል ካለ አልስማማም። ማሽኑ ካልፈቀደ ሊኑክስ አለ፤ ነፃ ነው፣ አማርኛ ይጽፋል፣ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይነሣል፣ ዲቢኤፉንም ኤክሴሉንም ይከፍታል። በርግጥ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ የሒሳብ ወይም የምዝገባ ፕሮግራም ያለው ቢሮ በሊኑክስ አይወጣውም፤ የፕሪንተሩም ነገር መሞከር አለበት። ሁሉም ቢሮ ግን እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም የለውም፤ የአብዛኛው ሥራ ደብዳቤና ሰንጠረዥ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ለውጡ ራሱ ያጠፋል የሚለው ሲሆን ከሁሉም የከበደው ይህ ይመስለኛል። እውነት ነው። ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ የሠፈሩ ባለሙያ መልስ «ፎርማት ይደረግ» ነው፤ ፎርማት ሲደረግ ሲ የተባለው ክፍል ይጠረጋል፣ ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠው ፋይል ሁሉ የሚኖረው ደግሞ እዚያ ነው። አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖ የዓመት ሪፖርት የጠፋበት ቢሮ ለውጥን ቢፈራ አይፈረድበትም። በምዝገባ ዙር መካከል ሥርዓት መለወጥም በክረምት እኩሌታ በሬ እንደመቀየር ነው፤ ግማሹ እርሻ በአንድ፣ ግማሹ በሌላ ይሆናል፣ ሁለቱን ማስታረቅም ጣጣ ነው። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ግን መለወጥ ጎጂ መሆኑን ሳይሆን ሳይቀዱና ሳይፈትሹ መለወጥ ጎጂ መሆኑን ነው። አሮጌውን አልነካም ያለ ቢሮም ከዚህ አያመልጥም፤ እሱ የሚለወጠው ሃርድ ዲስኩ በተሰበረበት ቀን፣ ባላሰበው ሰዓት፣ የሚቀዳ ነገር በሌለበት ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ደርሶ ጭና በተባለው የወረዳው ሥፍራ ብዙ ሲቪሎች ተገድለዋል። እንዲህ ያለ ነገር በደረሰበት ወረዳ የሰዎች ልደትና ሞት የተጻፈበት መዝገብ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ይቀመጥ ማለት አይቻልም።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ለጨዋታና ለፊልም ብቻ የሚያገለግል ኮምፒውተር ያለው ሰው አይቸኩል። መዝገብ የያዘ ግን፣ የጤና ጣቢያ ይሁን የቀበሌ፣ የትምህርት ቤት ይሁን የዕድር፣ ሠሪው የተወውን ሲስተም ይዞ መቆየት የለበትም። በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የተወለደው በዊንዶውስ 10 ዘመን ነው፤ በወረቀትና በድሮ ፎንት የተከማቸ የኋላ ዕዳ የለበትም፤ ስለዚህ የአካባቢውን ቢሮዎች ለማገዝ ከማንም ይልቅ ይመቸዋል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው አዲስ አፕ ከሚፈልጉ የየወረዳውን የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ሰነድ ወደ ዩኒኮድ ቢያሻግሩ የበለጠ ይጠቅማሉ። በደባርቅም በዳባትም ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ የኤክስፒ ኮምፒውተር ያላችሁ ኃላፊዎች፣ ማሽኑ ዛሬ የሚነሣ ከሆነ ፋይሉን ዛሬ አስቀዱ፤ የተቀዳው በሌላ ኮምፒውተር መከፈቱን ሳታዩም አሮጌውን ንብረት ክፍል አትመልሱ።